የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ሲታወክ ስለሚደረግ ምርመራና ጥገና



ከበሮ ድምፁ ሲሰንፍ አባቶቻችን መድኃኒቱን ያውቁታል። ጠፍሩን ያጠብቃሉ፣ ቆዳውን ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ያሳዩታል፤ ከበሮውም ወደ ቀድሞ ግርማው ይመለሳል። በየመኖሪያ ቤቱና በየሙዚቃ ክፍሉ እየተለመደ የመጣው የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ግን ሕመሙን እንዲህ በቀላሉ አይናገርም። ትናንት በደኅና ሲመታ ያመሸው መሣሪያ ዛሬ አንዱ ፓድ ዝም ይላል፤ ወይም አንድ ጊዜ ሲመቱት ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ ወይም ማንም ያልነካው ሲምባል ብቻውን ይንጫጫል።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ መደንገጡ አያስገርምም። መሣሪያው በደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ቀላል ዋጋ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ወዳጄ ለልጁ የገዛው እንዲህ ያለ ከበሮ ድምፅ ቢያጣ ወደ ጠጋኝ ወስዶ፣ «አንጎሉ ተቃጥሏል፤ ሌላ መግዛት ነው» የሚል ፍርድ ተሰጠው። ልጁ ለብዙ ወራት ያለ ከበሮ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሲመረመር የተገኘው ጥፋት ግን ከውስጡ የተበጠሰ አንድ ኬብል ብቻ ነበር። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ዓላማ አንባቢውን የኤሌክትሮኒክ ሊቅ ለማድረግ አይደለም፤ ንጹሑን ከጥፋተኛው የሚለይበትን ሥርዓት ለማሳየት ነው።

አስቀድሞ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. ዣክ ኩሪና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ አንዳንድ ክሪስታሎች በተጫኑ ጊዜ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ገለጡ። ፒዬዞ የሚባለው በፓዱ ውስጥ ያለው ስስ ክብ ነገር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ይኸውም በናስ ዝርግ ላይ የተለጠፈ የሸክላ ዓይነት ቅባት ያለው ሲሆን፣ በትሩ ፓዱን ሲመታ ይርገበገባል፤ ሲርገበገብም ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይሰጣል። ይህ ግፊት በኬብል ተጉዞ ሞጁል ወደሚባለው የመሣሪያው አንጎል ይደርሳል። ሞጁሉ የግፊቱን መጠን ለክቶ፣ ምቱ የበረታ ከሆነ የበረታ፣ የለዘበ ከሆነ የለዘበ ድምፅ ከማኅደሩ መርጦ ያሰማል።

እንግዲህ መንገዱ በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በትር፣ የፓዱ ገጽ፣ ስፖንጅ፣ ፒዬዞ፣ ኬብል፣ የሞጁሉ መግቢያ፣ ሞጁሉ ራሱ፣ በመጨረሻም የጆሮ ማዳመጫ ወይም ድምፅ ማጉያ። ጥፋቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ መሆኑ የማይቀር ነው።

አንባቢው በመሥሪያ ቤቱ አንድ መዝገብ ሳይመለስ ሲዘገይ ምን እንደሚያደርግ ያስታውስ። መሥሪያ ቤቱን በሙሉ አይከስም፤ መዝገቡ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ቆመ በየተራ እየጠየቀ ይደርስበታል። በከበሮም ላይ የሚደረገው ይኸው ነው። አንዱ ፓድ ዝም ቢል፣ መጀመሪያ የሞጁሉን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ የታመመውን ፓድ ኬብል ከፓዱ ላይ ነቅሎ በደኅናው ጎረቤቱ ፓድ ላይ መሰካት ነው። ደኅናው ፓድ በዚህ ኬብል ላይም ድምፅ ከሰጠ፣ ኬብሉም የሞጁሉ መግቢያም ንጹሓን ናቸው፤ ጥፋቱ በታመመው ፓድ ውስጥ ነው። ደኅናውም ፓድ ዝም ካለ ግን ፓዱን ትተን ኬብሉን በሌላ ኬብል እንለውጣለን። በአዲሱ ኬብል ድምፁ ከተመለሰ ጥፋተኛው ኬብሉ ነበር፤ ካልተመለሰ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሞጁሉ መግቢያ ይሄዳል። በዚህ ምርመራ ሁለት ነገር መጠበቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ ሁለተኛ፣ ከበሮን በከበሮ፣ ሲምባልን በሲምባል መተካት ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መግቢያ ለተመደበለት የፓድ ዓይነት የተስተካከለ ነው።

ኬብልን በሚመለከት፣ የብዙዎቹ ፓዶች ኬብል መሰኪያው በሁለት ጥቋቁር ቀለበቶች የተከፈለና ሦስት የብረት ክፍል ያለው ነው። ጫፉ የገጹን ምት፣ መካከሉ የጠርዙን ምት ያደርሳል፤ ሦስተኛው የጋራ መመለሻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀለበት ብቻ ያለውን የጊታር ኬብል በስሕተት የሰካ ሰው፣ ገጹ እየሠራ ጠርዙ ዝም ቢለው ፓዱን መውቀስ የለበትም። ኬብሉን በቴስተር መመርመርም ቀላል ነው። ቴስተሩን በሚጮኽበት ቁጥር ላይ አድርጎ የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ማገናኘት፣ በዚያውም ኬብሉን ከመሰኪያው አጠገብ ማወዛወዝ ነው። ጩኸቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ውስጡ ተበጥሷል።

ጥፋቱ በፓዱ ውስጥ ከተገኘ፣ ገጹን የያዙትን ብሎኖች ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ቀስ በቀስ ማላላት ነው። በመረብ ገጽ ፓድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመካከሉ የሾጠጠ ስፖንጅ ይገኛል። ይህ ስፖንጅ በዘመን ብዛት ይሰባበራል ወይም ይረግጣል፤ ያን ጊዜ የበትሩ ምት ለፒዬዞው በደኅና አይደርሰውም። ከስፖንጁ በታች ከፒዬዞው የሚነሡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ተነቅሎ ቢገኝ፣ በካውያ ሊድ አቅልጦ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ነገር ግን ካውያው በነጩ ቅብ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በላይ መቆየት የለበትም፤ ብዙ ሙቀት ቅቡን ያነሣል፣ የፒዬዞውንም ኤሌክትሪክ የማመንጨት ኃይል ያጠፋል። ፒዬዞው ሕያው መሆኑን ለማወቅ ቴስተሩን በተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጎ በጣት መታ ማድረግ ነው፤ ቁጥሩ ብቅ ካለ ሕያው ነው።

ይህን የስፖንጅ ነገር በቸልታ ማለፍ አይገባም። ፓዱ ሲደክም ተማሪው ያንኑ ድምፅ ለማግኘት አጥብቆ መምታት ይጀምራል፤ ጉዳቱም ከመሣሪያው ወደ እጁ አንጓ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. የወጣው ሲመንስ ኤስ ዲ ኤስ 5 የተባለው ባለ ስድስት ማዕዘን ከበሮ፣ ገጹ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለ ነበረ የመቺዎቹን አንጓ በማሳመሙ ብዙ ነቀፌታ ደርሶበታል። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ቲ ዲ 10 ከተባለው ሞጁል ጋር የመረብ ገጽ ያለው ፓድ ማውጣቱ ለእጅ ትልቅ ዕረፍት ሆነ። ስለዚህ እጁ የሚያመው ልጅ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ፓዱም ይመርመርለት።

አሁን ደግሞ አንድ ጊዜ ተመትቶ ሁለት ጊዜ ስለሚጮኸው ፓድ እንናገር። የዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የገጹ መላላት ነው። የላላ ገጽ ከምቱ በኋላ ብዙ ስለሚርገበገብ ሞጁሉ ርግብግቢቱን እንደ ሌላ ምት ይቈጥረዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ገጹን በዙሪያው እኩል ማጥበቅ ነው። ይህ ካልበቃ ወደ ሞጁሉ ማስተካከያ መሄድ ይቻላል። ትሬሾልድ የሚባለው ቁጥር ከዚህ በታች ያለ ግፊት እንደ ምት አይቈጠርም የሚል ወሰን ነው። ማስክ ታይም የሚባለው ደግሞ ከአንድ ምት በኋላ ሞጁሉ ጆሮውን የሚደፍንበት ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሰከንድ ሺኛ ክፍል ነው። ሁለቱንም እጅግ ከፍ ማድረግ ሌላ በሽታ ያመጣል። ትሬሾልዱ ሲበዛ ለስላሳው ምት ይጠፋል። በሰከንድ 16 ጊዜ የሚመታ ብርቱ መቺ በአንዱና በሌላው ምት መካከል የሚያገኘው ጊዜ ከሰከንድ 62 ሺኛ ክፍል ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ማስክ ታይሙ ከዚህ ቢያልፍ ምቶቹ ይዋጣሉ። ስለዚህ ቁጥሩን አንድ አንድ እያሉ ከፍ አድርጎ፣ ጥፋቱ በቆመበት ቦታ ላይ መቆም ጥበብ ነው።

ያልተመታው ፓድ ብቻውን የሚጮኸው ደግሞ በጋራ ብረት ላይ ስለ ተሰቀለ ነው። የአንዱ ንዝረት በብረቱ አልፎ ወደ ሌላው ይደርሳል። ክሮስቶክ የሚባለውን ማስተካከያ ከመንካት በፊት፣ የፓዶቹን መያዣዎች በሙሉ ማጥበቅ፣ ፓዶቹ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ ማራራቅ፣ ብረቱም በወለሉ ላይ እንዳይንገዳገድ ማድረግ ይገባል። የክሮስቶክ መከላከያው በብዛት ከተጨመረ ሁለት ፓዶች በእውነት በአንድነት ሲመቱ አንደኛውን ያፍነዋል።

ሃይሃት አልዘጋ ወይም አልከፈት ሲል ብዙውን ጊዜ ፔዳሉ ተሰብሮ ሳይሆን ልኩን ስቶ ነው። ሃይሃቱ ሁለት ኬብል ካለው፣ አንዱ የምቱ ሌላው የፔዳሉ ስለ ሆነ፣ ቦታቸው ተለዋውጦ እንደ ሆነ መመልከት ነው። ከዚያም በመመሪያው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶና ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የሚቆምበትን ልክ ለሞጁሉ እንደገና ማስተማር ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይሉ በጥብቅ የማሳስበው አለ። በአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ሲሆን በጃፓን 100፣ በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ከውጭ በዘመድ እጅ የመጣ ከበሮ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ሳይነበብ መሰካት የለበትም። አዳፕተሩ ጠፍቶ ሌላ ሲገዛም፣ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ ከተጠየቀው የማያንስ፣ የመሰኪያው የመካከል ምሰሶ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑ ከሞጁሉ ምልክት ጋር የተስማማ መሆን አለበት። ድምፅ ማጉያው ላይ እምምም የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ መስማት ነው። በማዳመጫው ከሌለ ከበሮው ደኅና ነው፤ ሞጁሉንና ማጉያውን ከአንድ ሶኬት መመገብ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል። የመሬት ሽቦውን ቈርጦ ድምፁን ዝም ማሰኘት ግን ነፍስን ለአደጋ መስጠት ስለ ሆነ ከቶ አይደረግ።

ሁሉን ወደ ፋብሪካ ሥርዓቱ መመለስ የመጨረሻው መድኃኒት ነው። ይህም በድካም ያስተካከሉትን ሁሉ ስለሚደመስስ፣ አስቀድሞ ቁጥሮቹን በወረቀት መጻፍ ወይም ሞጁሉ የሚፈቅድ ከሆነ በማኅደር ማስቀመጥ ይበጃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬው በሞጁሉ ላይ ከወደቀ፣ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ መሄድ ተገቢ ነው። ባዶ እጅ ግን አይኬድ፤ ምን እንደ ተለወጠ፣ ምን እንደ ተገኘ በአንድ ወረቀት ጽፎ መስጠት የጠጋኙን ጊዜና የባለቤቱን ገንዘብ ያተርፋል፤ በችኮላ ለሚሰጥ ፍርድም በር ይዘጋል።

ከላይ ያነሣሁት ወዳጄ ልጅ ዛሬ ማታ ማታ ማዳመጫውን በጆሮው አድርጎ፣ ጎረቤት ሳያውክ ይለማመዳል። አባትየውም ለአዲስ ሞጁል ሊያወጣ የነበረው ገንዘብ በእጁ ቀረ። ለዚህ ያበቃቸው አንድ ኬብል ነቅሎ ሌላ መሰካት ነበር።