ስለ እርሾ ሕዋስ እርጅና

ከጎረቤት የመጣ እርሾ አምናም ዘንድሮም ያው እርሾ ነው፤ ስለዚህ የማያረጅ ነገር ይመስለናል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠላን ከሚያፈሉት፣ የዳቦ ሊጥንም ኩፍ ከሚያደርጉት ዋነኛው፣ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የተባለው፣ የሚራባው በማቆጥቆጥ ነው፤ ይኸውም ከእናቲቱ ሕዋስ ጎን አንዲት ትንሽ እምቡጥ ወጥታ፣ አድጋ ትለያለች። በ1959 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሞርቲመርና ጆን ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች አንዲቱን ሕዋስ ነጥለው፣ የምትወልዳትን ልጅ ሁሉ ከአጠገቧ እያራቁ ቢቆጥሩ፣ እናቲቱ ከተወሰነ ወሊድ በኋላ ቆማ ስትሞት አገኟት። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ነው። አንዱ ወሊድ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ማታ ሕዋሳቱን በማቀዝቀዣ አኑረው ይተኛሉ፤ ጠዋት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

እንግዲያውስ እርሾው ስለ ምን አያረጅም? አንደኛው መልስ ሒሳብ ነው። እርሾው በሚራባበት ጊዜ ከሕዋሳቱ ግማሾቹ ገና አልወለዱም፤ ሩቦቹ አንድ ጊዜ ብቻ ወልደዋል። እንዲህ እያልን ብንወርድ፣ 20 ጊዜ የወለደችው ከ2 ሚሊዮን አንዷ ገደማ ናት። አሮጊቶቹ በልጅ ልጆቻቸው ብዛት ተውጠዋል።

ሒሳቡ ግን ዋናውን ነገር አይመልስም፤ ያረጀች እናት የወለደቻት ልጅ በአብዛኛው ሙሉ ዕድሜ ይዛ ትነሣለችና። በ1997 ዴቪድ ሲንክሌርና ሌናርድ ጓረንቲ እንዳሳዩት፣ ራይቦሶም ከሚሠራበት ተደጋጋሚ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ቁራጭ ተነጥሎ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ራሱን እያባዛ በእናቲቱ ዘንድ ይከማቻል፤ ወደ ልጂቱ የሚያልፈው ጥቂት ነው። በ1999 ደግሞ የጓረንቲ ቡድን፣ ይህን ክፍል ጸጥ የሚያሰኘው ሰር2 የተባለው ጂን አንድ ቢጨመርለት የሕዋሱ ዕድሜ በ30 በመቶ ያህል እንደሚረዝም አስታወቀ። ቀለበቱን ብቻ የእርጅና ምክንያት ማድረግ ግን ለእኛ ችኮላ ይመስለናል፤ የተበላሹ ፕሮቲኖችም እንዲሁ በእናቲቱ ዘንድ ይቀራሉና። እጅግ ስታረጅ ይህ ማስቀረት ይደክማታል፤ የመጨረሻ ልጆቿም ዕድሜያቸው አጠር ይላል።

ከሁሉ ያስደነቀን የ2011 ውጤት ነው። በአንጀሊካ አሞን ቤተ ሙከራ አሮጊት ሕዋሳት ምግብ ተነፍገው ስፖር እንዲያፈሩ ተደረገ። ከስፖሮቹ የተነሡት ሕዋሳት ከወጣት ሕዋስ ስፖር ከተነሡት እኩል ኖሩ፤ በአሮጊቷ ውስጥ የነበረው የፕሮቲን ጉድፍም በእነርሱ ዘንድ አልተገኘም።