ለዓሣ ጫጩት የመጀመሪያ ቀለብ፦ አርቲሚያን በደጋ ማስፈልፈል

ከእንቁላል የወጣ የአምባዛ ጫጩት ሁለት ሦስት ቀን የሚኖረው ከሆዱ ሥር ይዞት በወጣው አስኳል ነው። ከዚያ ስንቁ ያልቃል። አፉ ጠባብ ነው፤ ጨጓራው ገና በቅጡ አልተሠራም፤ ስለዚህ የተፈጨ ደረቅ መኖ ቢሰጡትም አይስማማውም። በአፉ ልክ የሆነ፣ ፊቱ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ ለመፈጨት የማያስቸግር ሕያው ምግብ ካላገኘ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። ዓሣ በማርባት ሥራ ብዙ ጫጩት የሚያልቀው በዚህች አጭር ጊዜ ነው።

ቆሮሶ የሚያረባ ሰው ይህ ችግር ብዙም አይገጥመውም። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ ጠንከር ስለሚሉ የተፈጨ መኖ ይቀበላሉ። አምባዛ ግን እንቁላሉን በሺህ ቆጥሮ ጥሎ ይሄዳል። በመስታወት ገንዳ የሚቀመጡት ጌጠኛ ዓሦችም እንዲሁ ይለያያሉ፤ ጋፒና ሞሊ ሙሉ ጫጩት ስለሚወልዱ ይቀላሉ፤ ጎልድፊሽና አንጀልፊሽን የመሰሉት እንቁላል ጣዮች ግን እንደ አምባዛው ናቸው። ቤት ውስጥ ዓሣ የሚያኖር ሰው የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በትኖ ሊሞክር ይችላል፤ ጫጩቱ ከሚበላው የሚተርፈው ይበዛና ውሃው በማግሥቱ ይሸታል።

መፍትሔው የተገኘው ከጨው ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካዊው አልቪን ሲል፣ በ1939 ደግሞ ኖርዌያዊው ጉናር ሮለፍሰን አዲስ የተፈለፈለች አርቲሚያ ለዓሣ ጫጩት የምትመች ምግብ መሆኗን አሳዩ። አርቲሚያ ስታድግ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትደርስ፣ በ11 ጥንድ እግሮቿ እየቀዘፈች በጀርባዋ የምትዋኝ የሽሪምፕ ዘመድ ናት። ከጠላት የምታመልጥበት ፍጥነት የላትም፤ የምትከላከልበት ጋሻም የላትም። መሸሸጊያዋ ጨው ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው፣ እሷ የዚያ ብዙ እጥፍ ጨው ባለበት፣ ዓሣ ዝር በማይልበት ውሃ ትኖራለች።

እንዲህ ያለ ውሃ ግን ይደርቃል። ስለዚህ እናቲቱ ሁለት ዓይነት አወላለድ አላት። ውሃው ሲመቻት የሚዋኝ ልጅ ትወልዳለች፤ ጨው ሲበረታ ወይም ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት ያለው እንቁላል ትጥላለች። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ሽል 4 ሺህ ያህል ሕዋስ ላይ ደርሶ እድገቱን ያቆማል፤ ውሃው ከውስጡ ይወጣል፤ በምትኩ ትሪሃሎስ የተባለ የስኳር ዓይነት ሕዋሳቱን ከጉዳት ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 አፖሎ 16 እና አፖሎ 17 የአርቲሚያ እንቁላል ወደ ጨረቃ ይዘው ሄደው መልሰዋል፤ የተፈለገው የጠፈር ጨረር ሕይወት ባለው ነገር ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ነበር።

በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ይኸው እንቁላል ነው። መልኩ የላመ የቡና ዱቄት ይመስላል። አንድ ግራም ብቻ ከ200 ሺህ በላይ እንቁላል ይይዛል። ዓመታት የተኛው ሽል ጨዋማና ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኝ በአንድ ቀን ውስጥ ነቅቶ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ያለው ጥቅም ደግሞ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። አርቲሚያን የሚያስፈለፍል ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህን የጊዜ ነገር ነው።

አሁን ሥራውን በመንዝ ደጋ ባለችው ዘመሮ ላይ ሆነን እንመልከተው። የጀማና የወንጪት ወንዞች ቆላ ውስጥ ይወርዳሉ፤ ከላይ ያለው የመንዝ ደጋ ግን ለአምባዛ የሚሆን ሙቀት የለውም። ቢሆንም ቤት ውስጥ ገንዳ ያለው ሰው ወይም የባዮሎጂ መምህር አርቲሚያን እዚያው ሊያስፈለፍል ይችላል፤ በዘመሮ የሠራ ደግሞ የትም ይሠራለታል።

ባለ ሁለት ሊትር ባዶ ሃይላንድ ታጥቦ ቂጡ ይቆረጥና ክዳኑ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀላል። የሾጠጠው አንገት ከታች ሲሆን እንቁላሉ ጥግ ይዞ አይቀርም። አንድ ሊትር ውሃ ይጨመርበታል፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍት ቢያድር ይሻላል። በዚያ ላይ 25 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ይሟሟል። ውሃው ለስላሳ ከሆነ፣ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ሲሆን በተለይ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል፤ አርቲሚያ አሲድነት ያለው ውሃ አትወድም። ከዚያ አንድ ግራም እንቁላል ይገባና ከአነስተኛ የአየር ፓምፕ የመጣ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች ይሰደዳል። አየሩ ውሃውን ሳያቋርጥ ማገላበጥ አለበት።

በደጋ ይህ አየር ይበልጥ ያስፈልጋል። 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቆላ ላይ በዝግታ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አየር ሊበቃ ይችላል፤ ዘመሮ ላይ ግን ፓምፑ ጠንከር ይበል።

ዋናው ፈተና ብርድ ነው። አርቲሚያ በደንብ የምትፈለፈለው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት ነው፤ በዚህ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይበቃታል። ከ20 ዲግሪ በታች ሥራው ይንቀረፈፋል፤ ግማሹ ዛሬ ግማሹ ነገ ይወጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የመንዝን ውሃ ለበረዶ ያቀርበዋል። መብራት ካለ አንድ ሙቀት የሚሰጥ አምፖል አጠገቡ ማብራት ነው። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ በያዘ ትልቅ ባልዲ ውስጥ አቁሞ ባልዲውን በባና መጠቅለል ይቻላል። እንቁላሉ እንዲነቃ ብርሃን የግድ ያስፈልገዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ውሃ በጠጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ስለዚህ ጠዋት ተዘጋጅቶ ቀን ብርሃን ላይ ይዋል፤ ማታ ባናው ይልበስ። ሙቀቱ ከ33 ዲግሪ እንዳያልፍ ግን መጠንቀቅ ነው፤ ያን ጊዜ ሽሉ እድገቱን ያቆማል።

በማግሥቱ ቡናማው ውሃ ወደ ብርቱካናማ ሲያደላ ሥራው ተሳክቷል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ያየ ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞሉ፣ እየተወራጩ የሚዋኙ ነጠብጣቦችን ያያል። አጉሊ መነጽር ካለ በእያንዳንዷ ግንባር ላይ ያለችው አንዲት ቀይ ዓይን ትታያለች። አየሩ ተዘግቶ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል፤ የተፈለፈሉት ብርሃን ስለሚወዱ ከታች መብራት ሲበራላቸው ወደ አንገቱ ይሰበሰባሉ። ከዚያ በላይ አይቆይ፤ ተጨናንቀው ይታፈናሉ። ክዳኑ ላላ ብሎ ሕያዋኑ ጥቅጥቅ ባለ ነጭ ጨርቅ ላይ ይጠለላሉ፤ ጨዉ እንዲለቅ በንጹሕ ውሃ ይታጠባሉ። ቅርፊቱን መለየት ላይ መስነፍ አይገባም፤ ጫጩት ቅርፊት ከዋጠ አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል።

ምግቡ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰጣል። አርቲሚያ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ትዋኛለች፤ ጫጩቶቹም እያሳደዱ ይለቅሟታል። የዓሣ ጫጩት ገላው ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ የበላው ካልበላው በዓይን ይለያል፤ የጠገበው ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ይነፋል።

የሰዓቱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። አዲስ የወጣች አርቲሚያ አፏ ገና አይሠራም፤ የምትኖረው በራሷ ስንቅ ነው፤ ለጫጩቱ የሚጠቅመውም ያው ስንቅ ነው። በሞቃት ውሃ ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ ቆዳዋን ትቀይራለች፤ ትፈጥናለች፤ መልኳ ይሳሳል። አንድ ቀን ሙሉ ከዋለች ከጉልበቷ ሩብ ያህሉ ተቃጥሏል። ስለዚህ ጠዋት የወጣችው ጠዋት ትበላ። የተረፈችውን ለማታ ማቆየት የፈለገ ሰው ከ10 ዲግሪ በታች ማቀዝቀዝና ጥቂት አየር መስጠት አለበት። በቆላ ይህ ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም፤ ሲያስፈለፍሉ ያስቸገረው የመንዝ ሌሊት ግን ይህን በነፃ ይሠራል።

በእኔ እምነት አርቲሚያ ዓሣ ለሌለው ትምህርት ቤትም ትጠቅማለች። ሕይወት ተኝቶ እንደሚቆይ፣ ከዚያም እንደሚነቃ በሁለት ቀን ውስጥ በተማሪዎች ፊት የሚያሳይ ከዚህ የረከሰ ቤተ ሙከራ አላውቅም። አንዱን ጠርሙስ ባና አልብሶ፣ ሌላውን ራቁቱን አሳድሮ ማወዳደር ብቻ ሙቀት ለሽል ምን እንደሚያደርግ በተግባር ያስተምራል። ዓሣ ወደ ማርባቱ ማለፍ የሚፈልግ ደግሞ ሰበታ ያለውን ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም የባሕር ዳሩን ማዕከል ቢያማክር ይጠቀማል።

ለዓለም ገበያ ብዙ እንቁላል የሚመጣው ከአሜሪካው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። ቤልጂየም ውስጥ የጌንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 የአርቲሚያ ምርምር ማዕከል አቋቁሟል። ቬትናሞች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሳን ፍራንሲስኮን ዘር በሜኮንግ ጠረፍ የጨው ማሳዎቻቸው ላይ እያራቡ እንቁላሉን ራሳቸው ያመርታሉ። ጨው አምራች ለሆነች አገር ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ ግን ጥናት ሳይቀድም አይሆንም። ያው አሜሪካዊ ዘር በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ የጨው ማምረቻዎች ገብቶ የአካባቢውን ነባር አርቲሚያ ከብዙ ቦታ አስለቅቋልና።

ስለዚህ አደራ፦ የተረፈውን ጨዋማ ውሃና ያልተፈለፈለ እንቁላል ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። አቢጃታ፣ ሻላ፣ ጪቱ ወይም አፍዴራ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ሐይቁ አትጨምሩ።