ኮዱ ክፍት ነው፤ መልሱስ?

በእጅ ስልካችን ያለው መተግበሪያ፣ የባንክን ሒሳብ የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጠው ሶፍትዌር፣ ሁሉም መጀመሪያ የተጻፉት ሰው ሊያነበው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፕሮሰሰር ግን ያንን ቋንቋ አያውቅም፤ የሚያውቀው በቁጥር የተቀመጠ የራሱን ትእዛዝ ብቻ ነው። የሰውን ጽሑፍ ወደ ማሽኑ ትእዛዝ የሚለውጠው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ባከስና ባልደረቦቻቸው በአይቢኤም ፎርትራንን ሲያወጡ፣ ብዙዎች የተጠራጠሩት ኮምፓይለር የሚያወጣው ኮድ ባለሙያ በእጁ ከሚጽፈው ጋር በፍጥነት መወዳደሩን ነበር። ያ ጥርጣሬ ከተፈታ ቆይቷል። ዛሬ ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው፤ ሶፍትዌር ሁሉ የሚያልፍበትን ይህን መሣሪያ ከሠሪዎቹ ሌላ ማን ሊገነባው፣ ሊረዳውና ሊያርመው ይችላል? «ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ይችላል» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። የክፍት ኮድ ፈቃድ የሚሰጠው ኮዱን የማየትና የመለወጥ መብትን ነው። መብቱ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከውጭ የመጣ ሰው ላነሳው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ነው።

ለዚህ ክርክር ኤልኤልቪኤም የተባለው ሥራ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2000 መጨረሻ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ በአርባና ሻምፔይን፣ ያኔ ተማሪ የነበሩት ክሪስ ላትነርና መምህራቸው ቪክራም አድቬ ጀመሩት፤ የመጀመሪያው እትም በ2003 ወጣ። ላትነር በ2005 ወደ አፕል ከሄዱ በኋላ ክላንግ የተባለው የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር በላዩ ተሠራና በ2007 ኮዱ ለሁሉም ተለቀቀ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። አሥር የፕሮግራም ቋንቋዎችና አሥር ዓይነት ፕሮሰሰሮች ቢኖሩ፣ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ለማገናኘት መቶ መተርጎሚያ ያስፈልጋል። ሁሉም ቋንቋዎች መጀመሪያ ወደ አንድ የጋራ መካከለኛ ቋንቋ ቢለወጡና ከዚያ ወደየፕሮሰሰሩ ቢወርዱ ግን ሃያ ይበቃል። በመካከለኛው ቋንቋ ላይ የሚደረገው ኮድን የማፍጠን ሥራም ለሁሉም አንድ ጊዜ ይሠራል። ይህ ሐሳብ ከኤልኤልቪኤም በፊትም ነበረ። የእነዚህ ሰዎች ልዩ አስተዋጽኦ እያንዳንዱን ክፍል ሌላ ሰው ነጥሎ ወስዶ ሊጠቀምበት በሚችል ላይብረሪ መልክ ማቅረባቸው ነው። ስዊፍት፣ ረስትና ጁሊያ የተባሉት ቋንቋዎች የቆሙት በዚህ ላይ ነው፤ የአንድሮይድ ሥርዓትና ክሮምም የሚገነቡት በክላንግ ነው። በ2012 አድቬ፣ ላትነርና ኤቫን ቼንግ ለዚሁ ሥራ ኤሲኤም የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት ተሸልመዋል።

ይህን ሁሉ ዝና ሰምቶ ኮዱን ያወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ስለ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። «ኮምፒውተሬ ለምን ቆመ?» ነው። ኤልኤልቪኤም በብዙ ሚሊዮን መስመር የሚቆጠር ኮድ ነው። ስህተት ለመፈለጊያ የሚሆን መረጃን አካቶ ሲገነባ በዲስክ ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ጊጋባይት ይይዛል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በየፋይሉ ተለውጠው የወጡትን ቁርጥራጮች ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያያይዘው ሊንከር፣ አንዱ ብቻውን ብዙ ጊጋባይት ራም ሊበላ ይችላል፤ ግንባታውን የሚመራው ፕሮግራም ግን በፕሮሰሰሩ ኮሮች ቁጥር ልክ ብዙ ሊንከሮችን በአንድ ጊዜ ያስነሳል። ራሙ ያልቃል፣ ኮምፒውተሩ ይደርቃል፣ ጠያቂውም ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የስህተት መፈለጊያ መረጃውን መተው፣ ለሁሉም ፕሮሰሰሮች ሳይሆን ለራስ ፕሮሰሰር ብቻ መገንባት፣ በአንድ ጊዜ የሚነሱትን ሊንከሮች አንድ ወይም ሁለት አድርጎ መገደብ። ሁሉም በፕሮጀክቱ ሰነድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ችግሩ ሊንከር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቃሉን መፈለግ አለመቻሉ ነው። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላይ ስምንት ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት የሚሠራ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከዚህ ትምህርት መቅረቱን ወይም መግባቱን የሚወስነው ይህ ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው። ለእሱ ሌላም የሚጠቅም መልስ አለ፤ ኒንጃ የተባለው የግንባታ መሣሪያ መሀል ላይ ቢቋረጥ ያለቁትን ፋይሎች እንደገና አይሠራም፣ ከቀረው ይቀጥላል።

ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ብዙ ሰው ከሚጠይቃቸው አንዱ ይህ ነው፤ በሲ የተጻፈ ፕሮግራምን ወደ መካከለኛው ቋንቋ ብለውጠው በየትኛውም ማሽን ላይ ማስኬድ እችላለሁ? ምክንያታዊ ተስፋ ነው፤ «የጋራ ቋንቋ» ሲባል የሰማ ሁሉ እንዲህ ይጠብቃል። መልሱ ግን አይቻልም ነው። በሲ ውስጥ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ ስምንት ባይት ሲሆን በ64 ቢት ዊንዶውስ አራት ባይት ነው። ክላንግ ኮዱን ወደ መካከለኛው ቋንቋ ሲያወርድ ይህ ውሳኔ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ፕሮግራሙ ለአንዱ ማሽን ተወስኗል ማለት ነው። ከዚህ መልስ ጠያቂው ከአንድ መረጃ በላይ ያገኛል። ውሳኔዎች በየትኛው ደረጃ እንደሚሰጡ ይማራል፤ እሱም የኮምፓይለር ትምህርት ዋናው ክፍል ነው።

ሌላው «ጌት ኤለመንት ፖይንተር» የተባለው ትእዛዝ ነው። ጀማሪ ሁሉ ከሚሞሪ ውስጥ ዋጋ አውጥቶ የሚያነብ ይመስለዋል። ትእዛዙ የሚያደርገው አድራሻን ማስላት ብቻ ነው፤ ሚሞሪን አይነካም። ግራ መጋባቱ ከመደጋገሙ የተነሣ ፕሮጀክቱ ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ብቻ ራሱን የቻለ ማብራሪያ አዘጋጅቶ፣ ትእዛዙ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚታወቅ መሆኑን በርዕሱ ላይ አስፍሯል። እኔ ይህን ትልቅ ሥራ እለዋለሁ። ሠሪዎቹ ተጠቃሚውን «አላነበብክም» ብለው መገሠጽ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ከተሰናከለ መንገዱ ላይ ድንጋይ እንዳለ ተቀበሉ።

የክላንግ የስህተት መልእክትም የተሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። ስህተቱ ያለበትን መስመር ቁጥር ብቻ ነግሮ ዝም አይልም፤ መስመሩን አሳይቶ ትክክለኛውን ቦታ በምልክት ይጠቁማል፣ አንዳንዴም «ይህን ለማለት ነው?» ብሎ ማረሚያ ያቀርባል። ኮምፓይለር የሚያወጣው መልእክት ፕሮግራመሩ ገና ላልጠየቀው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነው። ጂሲሲ የተባለው ነባሩ ኮምፓይለር በ2013 በወጣው እትሙ ተመሳሳይ ጥቆማ መስጠት ጀመረ፤ ዛሬ ጂሲሲን የሚጠቀምም የዚህ ተጠቃሚ ነው።

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ግን በብስጭት የሚመጣው ነው፤ «ኮምፓይለሩ የጻፍኩትን ለምን ሰረዘው?» የሲ ቋንቋ ሕግ አንዳንድ ሁኔታዎችን ምን እንደሚደረግባቸው ሳይደነግግ ትቷቸዋል። ምልክት ያለው ሙሉ ቁጥር ከመጠኑ ሲያልፍ ወይም ባዶ አድራሻ ውስጥ ያለው ሲነበብ ምን መሆን እንዳለበት ሕጉ አይናገርም። ኮምፓይለሩም «ፕሮግራመሩ ይህን አያደርግም» ብሎ ይነሣና በዚያ ግምት ላይ ኮዱን ያፈጥናል። በ2009 በሊኑክስ ሥርዓት እምብርት (ከርነል) ውስጥ የተገኘው የደኅንነት ቀዳዳ ይህ ግምት የሚያደርሰውን ያሳያል። ጸሐፊው አንድን አድራሻ መጀመሪያ ተጠቀመበት፣ ከዚያ ባዶ መሆን አለመሆኑን መረመረ። ጂሲሲ «ተጠቅሞበታልና ባዶ ሊሆን አይችልም» ብሎ ምርመራውን አወጣው፤ የተሰረዘው ምርመራ ለአጥቂ መግቢያ ሆነ። ጸሐፊው የቅደም ተከተል ስህተት ሠርቷል፤ ኮምፓይለሩም ከሕጉ ፈቀቅ አላለም። ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው ውል ያልተነገረ ስለነበር ጉዳቱ የከርነሉ ተጠቃሚ ላይ ወደቀ። ላትነር በ2011 ስለዚሁ ጉዳይ ለማንኛውም የሲ ፕሮግራመር የሚሆን ባለ ሦስት ክፍል ማብራሪያ ጻፉ። ከማብራሪያው የሚበልጠው መልስ ደግሞ በኮድ መጣ፤ ክላንግ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ሕጉ ያልደነገገው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚያስጠነቅቁ መመርመሪያዎችን ያዘ። «ለምን ሰረዘው?» ብሎ የተበሳጨው ሰው ዛሬ ጥያቄውን ለኮምፓይለሩ ራሱ አቅርቦ መልስ ያገኛል።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል። የመካከለኛ ቋንቋን ውስብስብ የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰዓታቸውን በጀማሪ ጥያቄ ካጠፉት ኮዱን ማን ያሻሽላል? አሥር ጊዜ ከተመለሰ ጥያቄ አሥራ አንደኛውን መመለስ ድካም ነው፣ አድካሚነቱንም አልክድም። ጠያቂውም ግዴታ አለበት፤ የተጠቀመበትን እትም፣ ያስኬደውን ትእዛዝ፣ ችግሩን የሚያሳየውን ትንሹን ኮድ ሳያቀርብ «አልሠራም» ብቻ ማለት የሌላውን ጊዜ መቀማት ነው። ግን ባለሙያዎች ጥያቄን የሚመልሱበት የተለመደ ፍርድ፣ «ስህተቱ የአንተ ነው እንጂ የኮምፓይለሩ አይደለም» የሚለው፣ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የጆን ሬገር ቡድን ሲስሚዝ የተባለ፣ በዘፈቀደ የሲ ፕሮግራሞችን የሚያመነጭ መሣሪያ ሠርቶ ኮምፓይለሮችን ፈተነ፤ በ2011 ባወጡት ጥናት ከ325 በላይ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ጉድለቶችን ማግኘታቸውን አሳወቁ። ጂሲሲና ኤልኤልቪኤም ሁለቱም ከተፈተኑት ውስጥ ነበሩ፤ የተፈተነው ኮምፓይለር ሁሉ ትክክለኛ ፕሮግራም ሰጥተውት ዝም ብሎ የተሳሳተ ኮድ ያወጣበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጥያቄን ከበሩ ላይ የሚያባርር ፕሮጀክት የገዛ ጉድለቱን ዜናም አብሮ ያባርራል።

ሌላው መቃወሚያ ከነፃ ሶፍትዌር ታሪክ የሚመጣ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 ጂሲሲን ለዓለም ሲያበረክቱ የሰጡት ፈቃድ፣ ኮዱን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ማሻሻያውን በዚያው ነፃነት እንዲያካፍል ያስገድዳል። ጂሲሲ ውስጣዊ ቋንቋውን ለሌላ ፕሮግራም በቀላሉ እንዳያቀብል የተደረገውም ሆን ተብሎ ነው፤ ቢያቀብል ዝግ ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ግማሹን ወስዶ ሌላውን ግማሽ ይደብቃል የሚል ስጋት ነበር። ስጋቱ ባዶ አልነበረም። የኤልኤልቪኤም ፈቃድ ኩባንያዎች የራሳቸውን ክፍል ዝግ አድርገው እንዲይዙ ይፈቅዳል፣ የሚያደርጉትም አሉ። ስቶልማን የተከላከሉለት ነፃነት ባይኖር ዛሬ ስለ ክፍት ኮድ የምንነጋገረው ነገር ብዙ አይሆንም ነበር። ይሁንና ኩባንያን ለማገድ የተሠራው አጥር ተማሪውንም አገደ። የጂሲሲን አንድ ክፍል ነጥሎ ለመመርመር የፈለገ ተመራማሪ ስንት ዓመት ተቸግሯል፤ ጂሲሲ ራሱ በ2010 ከውጭ የሚሰካ ተጨማሪ ክፍልን መቀበል የጀመረውም ይህ ፍላጎት ስለገፋው ነው። የፈቃድ ነፃነትና ለጥያቄ ክፍት መሆን ሁለት የተለያዩ በጎ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ተራው አንባቢ «ይህ የፕሮግራመሮች ጉዳይ ነው» ቢል አልፈርድበትም፣ ግን አልስማማም። ኬን ቶምሰን በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግራቸው፣ የተበረዘ ኮምፓይለር በሶርስ ኮዱ ውስጥ ምንም ዱካ ሳይተው ስውር መግቢያ በፕሮግራም ውስጥ ሊተክል እንደሚችል አሳይተዋል። በ2015 ደግሞ ቻይና ውስጥ የተበረዘ የአፕል መተግበሪያ መሥሪያ ኤክስኮድ ከይፋዊ ምንጭ ውጭ ተሰራጭቶ፣ ብዙ መተግበሪያዎች ጸሐፊዎቻቸው ሳያውቁ ተበከሉ። ኮምፓይለርን ከምንጩ መገንባት የሚችሉ ሰዎች በአንድ ኩባንያና በአንድ አገር ብቻ ሳይወሰኑ በበዙ ቁጥር እንዲህ ያለው ብረዛ ቶሎ የመጋለጥ ዕድሉ ይሰፋል። ግንባታው ላይ ራም ያለቀበት ተማሪ ጥያቄ ከሁላችን ደኅንነት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የቀረው የዘመኑ መቃወሚያ ነው፤ አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉን ይመልሳልና ሰው ለምን ይጠየቅ? ለብዙ ጥያቄ በእርግጥ ፈጥኖ ይመልሳል፣ ለጀማሪም ትልቅ እገዛ ነው። ሆኖም የሚያውቀው በአብዛኛው ሰዎች አስቀድመው ከጻፉት፣ ከጠየቁትና ከመለሱት የተማረውን ነው። ኤልኤልቪኤም ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ አዲስ ዋና እትም ያወጣል፣ የሲ ፕላስ ፕላስ መገልገያዎቹም ከእትም እትም ሳይለወጡ ለመቆየት ቃል አይገቡም። በመካከለኛው ቋንቋ ውስጥ አድራሻ የያዘ ዋጋ ሁሉ የሚያመለክተውን ነገር ዓይነት ይዞ ይጻፍ ነበር፤ በ2022 የወጣው 15ኛው እትም ይህን ከተለመደው አሠራር አወጣው፣ በ2023 የወጣው 17ኛው ጨርሶ አስወገደው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የተከማቸ ትምህርትና ምሳሌ የተጻፈው በአሮጌው አጻጻፍ ነው፤ ከእሱ የተማረ መሣሪያም ዛሬ የማይገነባ ኮድ በሙሉ ልብ ጽፎ ሊሰጥ ይችላል። ያን ኮድ አስኪዶ፣ እንዳልሠራ አይቶ፣ ከየትኛው እትም ጀምሮ እንደተለወጠ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። መልሱን ያገኘ ጠያቂም ሰነዱ ላይ የጎደለውን መስመር አስተካክሎ ለፕሮጀክቱ መላክ ይችላል፤ ለዚህ የማንም ሠራተኛ መሆን አያስፈልገውም።