«የእንጀራ ልጅ» የሌለበት ቤት

እ.ኤ.አ. በጥር 1928 የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ፔር አልቢን ሃንሰን በምክር ቤት ንግግራቸው አገራቸውን በመልካም ቤት መሰሉ። በመልካም ቤት ውስጥ ተለይቶ የሚሞላቀቅ ልጅ እንደሌለ ሁሉ፣ የእንጀራ ልጅ ተብሎ የሚገፋም እንደማይኖር ተናገሩ። «የሕዝብ ቤት» የተሰኘው ይህ አስተሳሰብ በ1889 የተመሠረተውን ፓርቲ ከአጭር ጊዜ በቀር ከ1932 እስከ 1976 በሥልጣን ላይ አቆየው።

ቤቱ ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት የፓርቲው መንግሥት አንድ ሚሊዮን ገደማ መኖሪያ ቤቶችን አስገነባ። በስቶክሆልም ሪንከቢና ቴንስታ፣ በማልሞ ሮሰንጎርድ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በወቅቱ ስለ ስዊድናዊው ሠራተኛ ታስቦ የተሠራው ሕንጻ ዛሬ በአብዛኛው ከሶማሊያ፣ ከኢራቅ፣ ከሶሪያና ከሌሎች አገሮች የመጡ ቤተሰቦች መኖሪያ ሆኗል። ጥያቄውም ከዚህ ይነሣል፤ እነዚህ ቤተሰቦች የቤቱ ልጆች ናቸው ወይስ እንግዶች?

በመስከረም 2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፋን ሎፍቬን በስቶክሆልም አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ የእርሳቸው አውሮፓ ግንብ እንደማይገነባ ተናገሩ። በዚያ ዓመት ወደ 163 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎች ጥገኝነት ጠየቁ፤ የአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ አሥር ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 24 ቀን፣ እኚሁ መሪ ሕጉ እንደሚጠብቅ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜያዊ እንደሚሆንና ቤተሰብን ማስመጣት እንደሚገደብ አስታወቁ። ከጎናቸው የቆሙት ምክትላቸው፣ የአረንጓዴው ፓርቲ መሪ ኦሳ ሮምሶን፣ እንባቸውን መቆጣጠር ተሳናቸው። የመቀበያ ማዕከላት ሞልተው ስለነበር ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ጊዜያዊ የተባለው ጥብቅነት ዋነኛ መስመር ሆኖ ቀረ።

በ2022 የምርጫ ዘመቻ ጠቅላይ ሚኒስትር ማግዳሌና አንደርሰን በስዊድን የቻይና ሠፈር ወይም የሶማሊያ ሠፈር የሚባል ነገር እንዲኖር እንደማይፈልጉ ለጋዜጣ ገለጹ። የሪንከቢ ነዋሪ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። ፓርቲው በ30.3 በመቶ ድምፅ አንደኛ ቢወጣም የቀኙ ጎራ 176 ለ173 በሆነ የመቀመጫ ብልጫ ሥልጣኑን ወሰደ። ፍልሰትን አጥብቆ የሚቃወመው የስዊድን ዴሞክራቶች ፓርቲም 20.5 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ፤ በሩ እንዲዘጋ የሚሻ መራጭ መዝጋትን አስቀድሞ የሰበከውን መምረጡ አያስገርምም።

ሪንከቢና ቴንስታ ግን ለረጅም ጊዜ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ምሽግ ሆነው ቆይተዋል። በእነዚህ ሠፈሮች መምረጥ ከሚችሉት መካከል ወደ ድምፅ መስጫ ጣቢያ የሚሄደው ሰው ድርሻ ከአገሪቱ አማካይ በእጅጉ ያነሰ ነው።