ሐዲድ ለሌለ አገር፦ ከሶዶር ደሴት እስከ ሱሉልታ ሜዳ

በጅማ መንገድ ላይ ካለችው ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማና በድሬ ዳዋ በኩል እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው፣ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደው የምድር ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሰበታ የሐዲድ መነሻ ለመሆን ስትበቃ፣ ዛሬ ከእርስዋ ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ጎረቤቶችዋ፣ በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩና ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ፣ የባቡር ድምፅ ሳይሰሙ ይኖራሉ። ሦስቱን የሚያገናኝ ሐዲድ በምድር ላይ የለም። ስለዚህም ምክንያት ይህ ጽሑፍ ከአንባቢ ጋር ሊያስተዋውቀው ለወደደው ጥበብ፣ ይኸውም በመጽሐፍ ወይም በኅሊና ብቻ ያለውን አገር በገበታ ላይ አምሳለ ባቡር አድርጎ ለመሥራት፣ ከእነዚህ ሦስት ከተሞች የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

ለዚህ ጥበብ አርአያ የሆኑት ሰው እንግሊዛዊው ቄስ ዊልበርት ኦድሪ ናቸው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1911 ባቡር አብዝቶ ከሚወድ ቄስ የተወለዱት ኦድሪ፣ በቦክስ መንደር ከታላቁ የባቡር ዋሻ አጠገብ ባደጉበት ቤት ሌሊት በመኝታቸው ሆነው፣ ከባድ ጭነት የሚስበው ሎኮሞቲቭ ዳገቱን ሲወጣ የሚተነፍሰውን፣ ከኋላ የሚገፋውም ረዳቱ የሚመልስለትን እያዳመጡ፣ ሁለቱ እንደ ሰው የሚነጋገሩ ይመስላቸው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ልጃቸው ክሪስቶፈር በኩፍኝ ታሞ በተኛ ጊዜ ያን የልጅነት ንግግር ተረት አድርገው ነገሩት፤ ተረቱም በ1945 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ በዓመቱ ቶማስ የተባለው ሰማያዊ ሎኮሞቲቭ ተከተለ፤ እስከ 1972 ድረስም መጻሕፍቱ 26 ሆኑ።

አንባቢዎቹ ሕፃናት ግን በሥዕሎቹ መካከል ያዩትን አለመስማማት እየመረመሩ ደብዳቤ መጻፍ ስለ ጀመሩ፣ ቄሱ ታሪኩ የሚፈጸምበትን አገር መወሰን ግድ ሆነባቸው። በ1950 የማን ደሴትን በጎበኙ ጊዜ የዚያ ሀገረ ስብከት ጳጳስ የሶዶርና የማን ኤጲስ ቆጶስ ተብሎ እንደሚጠራ፣ ማን በካርታ ላይ ሲኖር ሶዶር የሚባል ደሴት ግን እንደሌለ አስተዋሉ፤ የጎደለውንም ደሴት በማንና በእንግሊዝ ጠረፍ መካከል በባሕሩ ላይ አኖሩት። ከወንድማቸው ከጆርጅ ጋር ሆነው ተራራውንና ወንዙን፣ ነገሥታቱንና ቅዱሳኑን፣ የማዕድኑን ዓይነት ሳይቀር ወሰኑለት፤ ይህም ሁሉ በ1987 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ከደሴቲቱ የባቡር ቅርንጫፎች አንዱን፣ የፋርኳርን መስመር፣ በገዛ እጃቸው በአምሳል ሠርተው ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ሊደነቅላቸው የሚገባው ግን፣ በመጻሕፍቱ የተነገረው አደጋ አብዛኛው በአንድ እውነተኛ ሐዲድ ላይ ከደረሰ ነገር እንዲቀዳ መጠንቀቃቸው ነው፤ አገሩ ልብ ወለድ ቢሆንም የባቡሩ ሥርዓት ልብ ወለድ እንዲሆን አልፈቀዱም።

እንግዲህ በገበታ ላይ የሚሠራ ሰው የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። በዓለም ላይ እጅግ በተለመደው መጠን ማናቸውም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ ስለሚሠራ፣ በሰበታው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የፈረንሳይ ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ደግሞ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። እውነተኛው ባቡር 25,000 ቮልት ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ሲቀበል፣ ታናሹ ባቡር በሐዲዶቹ በኩል በሚመጣ 12 ቮልት ይረካል። ርዝመት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም፤ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ በዚህ መጠን ቢሠራ ከ8 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ቦታ ይፈልጋልና፣ ሠሪው የሚበዛውን ትቶ ጥቂቱን መምረጥ አለበት፤ የምርጫውም ጥራት የሥራው ዋና መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በገበታ ላይ በኅሊና የምንዘረጋው ሐዲዳችን ከሰበታ ተነሥቶ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ወጨጫን በምዕራብ ዞሮ፣ በትውፊት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንዳስተከሉት በሚነገረው የሱባ ጽድ ሥር ያልፋል፤ ከዚያም በመናገሻ በኩል ወደ ምሥራቅ ተመልሶ የገፈርሳን ውሃ እየታከከ ቡራዩ ይገባል፤ ከቡራዩ በኋላ እንጦጦን በዋሻ ሰንጥቆ በሱሉልታ ሜዳ ይወጣል። ሱሉልታ ከሰበታ ከ200 ሜትር የማያንስ ከፍታ አላት፤ ይህም 87 ጊዜ ቢቀነስ እንኳ 2 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ከሰው ቁመት ይበልጣል። ስለዚህ ዳገቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ታናሹ ሎኮሞቲቭ ፉርጎ እየሳበ ያለ ጭንቀት የሚወጣው ከ50 አንድ ያህል የሆነ ተዳፋት በመሆኑም ለዚህ 15 ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ይህን 15 ሜትር በጠባብ ክፍል ለማግኘት ከመካከሉ እስከ ዳሩ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ አራት ጊዜ ያህል እየተጠመዘዘ እንዲወጣ ማድረግ ይበቃል፤ ጠመዝማዛውም በእንጦጦ ሆድ ውስጥ ስለሚሰወር ተመልካቹ ባቡሩ በቡራዩ በኩል ገብቶ ዘግየት ብሎ በሱሉልታ ሲወጣ ብቻ ያያል።

ባቡር ያለ ምክንያት አይሄድም፤ ኦድሪም ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚያመላልሰው ጭነት ሰጥተውት ነበር። የሱሉልታ ድርቆሽና ገብስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገብሱ በሰበታ የሜታ አቦን ቢራ ፋብሪካ ያገኛል፤ የቢራውም ሣጥን በተመላሹ ባቡር ወደ ላይ ይወጣል። ለአገሩ መልክ የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ከአናጢና ከግንበኛ ዘንድ አይጠፋም፤ ገበታው ኮምፔንሳቶ፣ ተራራው በሽቦ መረብ ላይ የፈሰሰ ጀሶ፣ ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የጠጣ ሰጋቱራ፣ ማጣበቂያው ኮላ ነው። የሱሉልታን ሜዳ የሚሠራ ሰው በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ዝቅታ ቢዘነጋ ሜዳው ሱሉልታ አይሆንለትም።

ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ መሆንዋ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያስነሣል። ዓይን ለሌለው ልጅ ተራራና ዋሻ፣ ዳገትና ድልድይ እንዴት እንደሚያያዙ በጣቱ የሚያነበው እንዲህ ያለ ሥራ ከብዙ ቃል ይልቅ ይነግረዋል። ነገር ግን በ87 እጅ የተቀነሰ ሽቦና ምሰሶ መዳሰስን አይችልም፤ ለእጅ የሚስማማው 32 ጊዜ ብቻ ያነሰው፣ የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ መጠን ነው፤ በ1984 የቶማስን ታሪክ ለቴሌቪዥን ያዘጋጁትም ባለሙያዎች በዚሁ የሐዲድ ስፋት ሠርተዋል። በዚህ መጠን የ5 ሜትር ገበታ የሚይዘው 160 ሜትር ምድር ብቻ ስለሆነ ወጨጫም እንጦጦም ይቀራሉ፤ የሰበታ ጣቢያ መድረክ፣ አንድ የሐዲድ መለያያና ሁለት ፉርጎ ግን በምቾት ይገባሉ፤ ከዚህም መጀመር ይቻላል።