በምክትልነት 33 ዓመት

አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው ጋራ በስም እንጂ በአሠራር አይገናኝም። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካቃተው ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። አጥቂው ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል፤ ተከላካዩ ግን ገምቶና አይቶ ወዲያው መድረስ ይኖርበታል። ስለዚህ ከዋናው አሠልጣኝ በታች የመከላከሉን ነገር ብቻ የሚያጠና፣ ለእያንዳንዱም ሙከራ አሰላለፉን የሚያዝ ሹም አለ። ሚስተር በድ ፎስተር ስማቸው የታወቀው በዚህ ሥራ ነው።

ሚስተር ፎስተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. በኬንታኪ ግዛት ተወለዱ፤ በዚያው ግዛት በሚገኘው በመሬይ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ተጫወቱ። በዚያ ያሠለጠኗቸው ሚስተር ፍራንክ ቢመር በ1987 የቨርጂኒያ ቴክ ዋና አሠልጣኝ ሲሆኑ ይዘዋቸው ሄዱ። በ1995 የመከላከሉን ኀላፊነት ከአንድ ባልደረባ ጋራ ተካፈሉ፤ በማግሥቱ ዓመት ብቻቸውን ያዙት።

ስልታቸው ደፋር ነበር። ስምንት ያህል ሰው ከኳሱ ፊት ለፊት ያስጠጉና የዳሮቹን ተከላካዮች ያለ ረዳት ይተዋሉ። ሲሳካ ባላጋራው መተንፈሻ ያጣል፤ የዳሩ ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ግን ስሕተቱን ስታዲየሙ ሁሉ ያየዋል። እንዲህ ብሎ ለማዘዝ የታዘዘውን ሰው ማመን ያሻል። በ2006 በአገሩ ካሉት ታላላቅ የኮሌጅ ቡድኖች ሁሉ ያነሰ ርቀት የለቀቀውም፣ ያነሰ ነጥብ የተቈጠረበትም የእርሳቸው ወገን ነበር፤ በዚያው ዓመት ለምክትል አሠልጣኞች የሚሰጠውን የብሮይልስን ሽልማት ተቀበሉ።

ከ1995 ጀምሮ የተከላካዮቹ ምልክት የከሰል ማዕድን ቈፋሪዎች የሚይዙትን የመሰለ አሮጌ የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ነበር። በሥራው ለበለጠ ተጫዋች በዐደራ ይሰጥ ነበር። ኮከብ ከመባል ይልቅ ምሳ ዕቃ መሸከም ክብር የሆነበት ቡድን ብዙ አይገኝም። በ2007 ሚያዝያ ወር አንድ ታጣቂ በዩኒቨርሲቲው ግቢ 32 ሰዎችን ገደለ፤ በዚያ ዓመት ጨዋታ ምሳ ዕቃው ውስጥ የ32ቱ ሟቾች ስም ተቀመጠ።

ሚስተር ቢመር በ2015 መጨረሻ ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ ከሜምፊስ ለመጡት፣ በዕድሜ 17 ዓመት ለሚያንሷቸው ለሚስተር ጀስቲን ፉዌንቴ ተሰጠ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ቢሮ ለዋለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሚስተር ፎስተር ግን ሥራቸውን አልለቀቁም፤ በአዲሱ አለቃ ሥር አራት ዓመት አገለገሉ።

ዋና አሠልጣኝ ሳይባሉ የመጨረሻ ጨዋታቸውን ታኅሣሥ 31 ቀን 2019 በሻርሎት ከተማ አደረጉ። ባላጋራው የተወለዱበት ግዛት የኬንታኪ ቡድን ነበር። ቨርጂኒያ ቴክ ሲመራ ቈይቶ፣ 15 ሰኮንድ ሲቀር ኬንታኪ ቀደመ፤ ውጤቱም 37 ለ30 ሆነ።