ሁለት ፀሐይ፣ አንድ ጥላ

በትርፍ ጊዜያችን በኮምፒዩተር የሠራነውን የመጀመሪያውን የሌላ ዓለም መልክዓ ምድር ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን በኩራት አሳየነው። ግራጫ ቋጥኞች፣ የተሰነጣጠቁ ተራሮች፣ ከአድማሱ በላይም ሁለት ፀሐዮች ነበሩበት። ተማሪው ጥቂት ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና፣ «ዶክተር፣ ሁለተኛዋ ፀሐይ ጥላዋን የት አደረገችው?» ሲል ጠየቀን። እውነቱን ነበር። ሁለተኛዋን ፀሐይ በሰማዩ ላይ እንደ ቀለም ክብ ለጠፍናት እንጂ ብርሃን እንድትሰጥ አላደረግናትም። ኦፕቲክስ የምናስተምር ሰዎች ነን!

ይህን የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደ ልጆች ጨዋታ የሚቆጥሩ ባልደረቦች አሉን። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን እኛ እንደ ፈተና እንቆጥረዋለን።

ተራራው እንዴት ይሠራል? አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊሞክረው ይችላል። አንድ አግድም መስመር ይሠመር፤ መካከለኛ ነጥቡም በዕጣ በወጣ መጠን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋ። አሁን ሁለት መስመሮች ተገኝተዋል። የእያንዳንዳቸው መካከለኛ ነጥብ እንደገና ይገፋ፤ ነገር ግን የግፊቱ መጠን ከቀድሞው ያነሰ ይሁን። ይህን 10 ጊዜ የደጋገመ ሰው ከ1,024 አጫጭር መስመሮች የተሠራ የተራራ ሰንሰለት ያገኛል። መጠኑ በየደረጃው በጥቂቱ ብቻ ከቀነሰ ቅርጹ እንደ ሰሜን ተራሮች ሹልና ሸካራ ይሆናል፤ ፈጥኖ ከቀነሰ ደግሞ ለስላሳ ኮረብታ ይወጣዋል። የአሳቡ መሠረት ማንደልብሮ «ፍራክታል» ብሎ የሰየመው፣ ክፍሉ ሙሉውን የሚመስል ቅርጽ ነው። የቦይንግ ባልደረባ የነበረው ሎረን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1980 በፍራክታል ተራሮች ላይ የሚበር የሁለት ደቂቃ ፊልም ሠርቶ አሳየ፤ በ1982 በወጣው ሁለተኛው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ውስጥ የታየችው ፕላኔት ተራሮችም ከዚሁ ዘዴ የተገኙ ናቸው። ዛሬ ብሌንደርን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር የጫነ ተማሪ ይህንኑ በቤቱ ይሠራዋል።

ከተራራው ይልቅ የሚያስቸግረው ሰማዩ ነው። የአየር ሞለኪውሎች ብርሃንን የሚበትኑት ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን 700 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ብርሃን 6 እጥፍ ያህል ይበተናል። ማርስ ላይ ግን ሰማዩን የሚቀባው አቧራ ነው፤ ቀን ቀን ቢጫማ ቡኒ ሆኖ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ በዙሪያዋ ሰማያዊ ይሆናል። በሰማይ ላይ የሚሰቀለው አካል ስፋትም በግምት አይሣልም። ጁፒተር ከጨረቃዋ ከኢዮ ላይ ሲታይ 19 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የእኛ ጨረቃ ግን ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። ኢዮ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ወደ ጁፒተር አዙራ ስለምትዞር፣ ጁፒተር በዚያ ሰማይ አይወጣም፣ አይጠልቅም። ስንትና ስንት የመጽሐፍ ሽፋን ይህን ዘንግቶታል!

አሜሪካዊው ሠዓሊ ቼዝሊ ቦንስቴል እ.ኤ.አ. በ1944 ሳተርን ከጨረቃዋ ከታይታን ላይ ስትታይ ምን እንደምትመስል በሰማያዊ ሰማይ ላይ ሥሎ አስደነቀ። በ2005 ሃይገንስ የተባለችው መንኰራኵር ታይታን ላይ ስታርፍ ያገኘችው ግን ብርቱካናማ ጭጋግ ነው፤ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሳተርን ለዓይን አትታይም። ቦንስቴልን አንወቅሰውም፤ በዘመኑ የታወቀውን ይዞ ነው የሣለው። እኛ ግን ጥላውን የረሳነው እያወቅን ነው።

ስለዚህ ሥዕላችንን እንደገና ጀመርነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነችውን፣ ሁለት ከዋክብትን የምትዞረውን ኬፕለር-16ቢን መረጥን። ፕላኔቷ ራሷ ሳተርንን የምታህል ግዙፍ ስለሆነች፣ የምንቆምበትን መሬት በምናብ በፈጠርናት አየር አልባ ጨረቃዋ ላይ አደረግነው። አንደኛው ኮከብ ብርቱካናማ፣ ሌላው አነስተኛ ቀይ ሲሆን የቀዩ ብርሃን ከብርቱካናማው እጅግ ይደክማል። ለሁለቱም ትክክለኛ ብርሃናቸውን ሰጠናቸው። ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ሲያሰላ አደረ፤ ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶበት ከመነሻው ጀመርን፤ በሦስተኛው ሌሊት ሥዕሉ ተጠናቀቀ።

ያንኑ ተማሪ ጠርተን አሳየነው።

«አሁንም አንድ ጥላ እኮ ነው ያለው፣ ዶክተር» አለን።

ወደ ስክሪኑ ቀርቦ የጥላውን ውስጥ እንዲያይ ነገርነው። ጥቁር አልነበረም፤ ደብዛዛ ቀይ ነበር።